ገብቷል፣ አልገባም

ደቻቱ ያኔ ወንዝ አልነበረም፤
ቢያንስ ለእኛ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጆች።
አሸዋ ነበረ፤
የአህያ ፋንድያ፣ ቆርኪ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣
ከቀፊራ የተረፈ የካርቶን ቁራጭ።
ከሰዓት ከተማው በርጫ ላይ ጋደም ሲል
ሜዳው የኛ ነው፣ ማን ከልካይ አለ።

ግቡ ሁለት ድንጋይ።
አንዱ ጥቁር፣ ከእኛ ወገብ የሚደርስ፤
«ከደንገጎ ውሃ ነው ያመጣው» ይል ነበር አባዬ።
እንስቅ ነበር።
ይህን የሚያህል ድንጋይ፣ በየትኛው ውሃ?

ግብ ጠባቂው እኔ፣
የእማዬን የፕላስቲክ ጫማ በእጄ አጥልቄ።
የሚመታው ሊበን፣ የወተት ሻጯ የአርዶ ልጅ፣
ሲስቅ የተሸረፈ ጥርሱን በምላሱ የሚደብቅ።

ሐምሌ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣
ፀሐይ ከሳቢያን ጀርባ ስትዘቀዝቅ፣
ሊበን መታ።
«ገብቷል!»
«አልገባም።»
«ወላሂ ገብቷል!»
«በላይ ነው የሄደው፣ በላይ!»
(ሁለት ድንጋይ ብቻ ላለው ግብ፣ በላይ የቱ ነው?)
ሊያለቅስ ደርሶ፣ ኳሱን በጉያው ሸጉጦ፣
«ነገ ከዚሁ እንቀጥላለን» አለኝ፤
«አንድ ለዜሮ ነው፣ እንዳትረሳ።»

ማታ እኛ ጋ ካፊያ እንኳ አልነበረም።
ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሥር አስወጥቶን
ግቢ ውስጥ፣ ሽቦ አልጋ ላይ፣ ኮከብ ስንቆጥር ተኛን።
ዝናቡ ሌላ ቦታ ነበር፣ ዳገቱ ላይ፣
የማናውቀው ሰው ማሽላ ላይ።

ከዚያ ባቡር መጣ።
ባቡር መስሎኝ ነው የነቃሁት።
«እማዬ፣ የጅቡቲው መጣ!»
እማዬ አልመለሰችም፤
ባቡር ከመጣ ስንት ሳምንቱ እንደሆነ ታውቃለች።

ገባ።
በሩን ትቶ በግድግዳው ገባ፣
አልጋ ሥር ገባ፣ ሣጥን ውስጥ ገባ፣
እህቴ ጩኸት ውስጥ ጭቃ ሆኖ ገባ።
አባዬ አንገቱ ላይ አውጥቶኝ
ከጋሽ ሽኩር ሱቅ ጣራ ላይ ሆነን
ከታች የሚያልፈውን አየሁ፦
የቀፊራ ቲማቲም፣ ቀይ፣ ብዙ፣
ሰማያዊ በርሜል፣
መብራቱ እንደበራ አንድ ባጃጅ፣
ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ የማላውቀው።
በር። ፍየል። ሌላ በር።
ስም የሚጣራ ድምፅ፤
ከዚያ ድምፁ ብቻውን፣ ስም የሌለው።

ሲነጋ ውሃው ሄዷል፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል።
ወታደሮች አሸዋውን በአካፋ ይቆፍራሉ፣
እኛ በጣታችን ስንቆፍረው የከረምነውን።
አርዶ የወተት ዕቃዋን እንዳንጠለጠለች
በዳርቻው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።
ወተቱ ረግቷል።

በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ድንኳን ሥር፣
ብስኩት እየታደልን ሬዲዮ ሰማን።
ሀገር አዝኗል አለ፤ ባንዲራው ዝቅ ብሏል አለ፤
ቁጥር አለ፣ በማግሥቱ ከዚያ የሚበልጥ።
የወንዛችንን ስም ሲጠራው ግን
የሚጠብቀውን አላልቶ፣ የሚላላውን አጥብቆ፣
እንደ ሰው ሀገር ስም፤
ለአፍታ ደስ አለኝ፦
የኛ አይደለም ማለት ነው፣ ሌላ ወንዝ ነው፣
ሌላ ሊበን ነው።

«አፈር ገባ» ተባባሉ ትልልቆቹ፣ ቀስ ብለው፣ የማልሰማ መስሏቸው።
ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ግንብ አለ።
እኔ በር እበይዳለሁ፣ ወፍራም ብረት፣
ደንበኞቼ «አበዛኸው» ይሉኛል።
ልጆች ዛሬም አሸዋው ላይ ናቸው።
ጥቁሩን ድንጋይ ፈልጌዋለሁ፤
ወይ ሄዷል፣ ወይ ከሥር ነው።

ባለፈው አንዱ መታ። «ገብቷል!» «አልገባም!»
ዞረው ግንቡ ላይ የተቀመጥኩትን አዩ።
«ጋሼ፣ አይተሃል አይደል? ፍረድ።»

አላየሁም ነበር፤
ዓይኔ ዳገቱ ላይ ነበር፣ ደመናው ላይ።
«ገብቷል» አልኩ፣
ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኾ።
ግብ ጠባቂው «ሌባ ዳኛ!» ብሎኝ
ኳሱን ሊያመጣ ወደ ላይ፣ በደንገጎ በኩል ሮጠ።
እስኪመለስ ከግንቡ አልወረድኩም።